ወላጅ አምጪ ተብላ

ሦስት ልጆች አሉኝ። አንዷ እጃጂ ናት፣ አንዱ ጊንጪ፣ አንዱ አምቦ። ባሌ ከሞተ ወዲህ የራሴ የምለው ቤት የለኝም፤ ቢኖረኝም የምቀመጥበት አይመስለኝም። አንዱ ጋ ስሰነብት ሌላው ይናፍቀኛል። ጎረቤት «ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው?» ሲለኝ እየሳቀ ነው። ልጆቼ ግን አይስቁም። «አንድ ቦታ አርፈሽ ብትቀመጪ ምን አለበት?» ይሉኛል፤ መልሰው ደግሞ ሲቸግራቸው «እማዬ፣ ምነው ጠፋሽ?» ብለው የሚደውሉት እነሱው ናቸው።

ያን ዓመት ከመስቀል በኋላ አምቦ ልጄ ቤት የመጣሁት ጥቂት ሰንብቼ ልመለስ ብዬ ነበር። ልጄ አይሱዙ ይነዳል። ሚስቱ አረብ አገር ከሄደች ቆየች። ቤቱን የምትጠብቀው ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጁ ናት፤ እሱ ነቀምቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው ሲል በሳምንት አንዴ ብቅ ቢል ነው። ጎረቤት አልፎ አልፎ ያያታል እንጂ ብቻዋን ነበረች ማለት ይቻላል። እኔን አኮ ትለኛለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ያደገች ስለሆነች ኦሮምኛውም አማርኛውም ተደባልቆ ነው ከአፏ የሚወጣው።

እኔ ተማሪ ሆኜ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲባል፣ ልጅ አዝዬ እየሄድኩ ፊደል ቆጠርኩ። ከዚያ ወዲህ በጣቴ እየጠቆምኩ ቀስ ብዬ አነባለሁ። ይኼንንም የምጽፈው እንደዚያው ቀስ እያልኩ ነው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሰኝ።

ዐይኔ እየደከመ ሲሄድ፣ ማታ ማታ ውዳሴ ማርያሙን እንድታነብልኝ ልጅቱን ጠየቅኳት። «እሺ አኮ» ብላ ተቀመጠችና እንደ ውሃ አወረደችው። ተባረኪ፣ እደጊ አልኳት። ጊንጪ ላለው ልጄ ደውዬ ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ። ታዲያ አንድ ማታ ስታነብልኝ እየሰማሁ አንድ ነገር ቅር አለኝ። የገጹ መጨረሻ ደረሰች፣ ቀጠለች፣ የሚቀጥለውንም ገጽ ጨረሰች። መጽሐፉ ግን አልተገለጠም።

«ልጄ፣ ገጹን እኮ አልገለጥሽውም።»

«ውይ!» ብላ ቶሎ ገለጠችው። ለካ እኔ በየጊዜው ስመጣ ስደግም ሰምታ በቃሏ ይዛዋለች።

«እስቲ የትምህርት ቤቱን አማርኛ መጽሐፍ አምጪው» አልኳት። አመጣችው። ፊደሉን አንድ በአንድ ስጠይቃት ታውቀዋለች። ሲገጣጠም ነው ጉዱ። የቃሉ መጨረሻ ጋ እስክትደርስ መጀመሪያውን ትረሳዋለች፤ እንደገና ትመለሳለች፤ አፍንጫዋ ላብ አወጣ።

«ኦሮምኛውስ?»

«ያው ነው።»

«እንግሊዝኛውስ?»

ሳቀች። «አኮ ደግሞ! ምን ብለሽ ነው የምትጠይቂኝ?»

እንዴት ስምንተኛ ክፍል እንደደረሰች ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች። ሦስተኛ ክፍል ሳለች በኮሮና ተዘግቶ ከረመ፤ ሲከፈት አልፋችኋል ተባሉና አራተኛ ገቡ። ከዚያም በኋላ አገሩ ሲረበሽ የተዘጋው ቀን አለ። በተከፈተው ቀን ደግሞ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እነሱ ይገለብጣሉ። መገልበጡን ተክናበታለች። ደብተሯን ብታዩት ጽሑፉ እንደ ጥልፍ ነው፤ መስመር አይስት፣ ሥርዝ የለው። የጻፈችውን አንብቢው ስትባል ነው የምትጠፋው።

ልጄ ከመንገድ ሲመጣ፣ እግሩን ሲታጠብ ጠብቄ ነገርኩት።

«እማዬ፣ ደብተሯን አይተሽዋል? የእኔ ደብተር በዘመኔ እንደዚያ አምሮ አያውቅም።»

«ደብተሩማ ያምራል። አንብቢ በላት እስቲ።»

«አሁን ደክሞኛል።»

«እሺ፣ ነገ።»

«ነገ ጉደር ጭነት አለብኝ።» ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ። «ስሚኝ እማዬ። የዘንድሮ ፈተና ይለየዋል። ካለፈች ዘጠነኛ ትግባ፣ እስከፈለገችው አስተምራታለሁ። ከወደቀች ግን እህቴ ሰው ትፈልጋለች፤ እጃጂ ትሂድ። ሥራ ትለምዳለች፣ ከዘመድ ቤትም አትወጣም።»

ልጅቱ ጓዳ ሆና ትሰማለች።

የእጃጂዋን ልጄን አልነቅፋትም። መኪና መንገዱ ዳር ያለችውን ምግብ ቤቷን ከንጋት ጀምራ ቆማ ነው የምታስተዳድረው። እሷ ዘንድ የገባች ልጅ ግን አንዱን ሰሃን አጥባ ሳትጨርስ ሌላው ይደረደርባታል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ መኪናውን አቁሞ ምሳ የሚበላው ሰው ሁሉ ዐይን አለ። ከገጠር የመጣች አንዲት ዘመዳችን «ቀን ሠርቼ ማታ እማራለሁ» ብላ ገብታ ነበር። ያኔም እዚያው ነበረች። የማታውን ትምህርት ቤት በሩን አላየችውም። እኔ ልጅቱን ይዤ የምንቀጠቀጠው ይኼን ስለማውቅ ነው። ጥቂት ሰንብቼ ልመለስ ያልኩት በዚሁ ቀረ።

ጥቂት ቆይቶ፣ አንድ ጠዋት ገበያ ልሄድ ባጃጅ ያዝኩ። ባለ ባጃጁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ተጫዋች ነው። ገና ጎልማሳ ነው፤ ፀጉሩ ቀድሞ ስለሸሸ ግን ትልቅ ሰው ይመስላል።

«ሀርሜ፣ ቶሎ ላድርስሽ፤ ቀጠሮ አለኝ» አለኝ። ሀርሜ፣ እናቴ ማለት ነው፤ ትልቅ ሴትን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚላት።

«የምን ቀጠሮ ነው በጠዋት?»

«አባት ልሆን ነው።»

«እሰይ! ሚስትህ ወለደች?»

«ሚስት የት አባቴ አለችኝ! ትምህርት ቤት ነው አባት የምሆነው። ስምንተኛ ክፍሎች በሙሉ ወላጅ አምጡ ተብለዋል። ሦስት ልጆች ለመኑኝ፣ አንዷን መረጥኩ። ሦስቱንም ብል መምህሯ ትነቃብኛለች።»

ወላጅ አምጣ የሚባለው ነገር በእኔ ልጆች ጊዜም ነበር። ልጁ መስኮት ሲሰብር፣ ሲደባደብ፣ ሲያረፍድ ወላጅ አምጣ ይባላል። ወላጅ ይሄዳል፣ መምህሩ ይከሳል፣ ቤት ሲገባ ቀበቶ ይፈታል። በደህና ነገር የተጠራሁበትን አንድ ቀን አላስታውስም። ልጆቹ ታዲያ ምን ያድርጉ? ከመንገድ ሰው ይለምናሉ። አጎት የሚሆን፣ አክስት የሚሆን፣ ሲቸግር አባት የሚሆን። ይኼንን ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ሥራዬ ብዬ ግን አስቤው አላውቅም።

«የማንን ልጅ ነው የመረጥካት?»

«ያቺን የሾፌሩን ልጅ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችውን። ከመስከረም ጀምሮ እኔ ነኝ እኮ አባቷ።»

ደሜ ፈላ። መጮህ ግን አልወድም። «ገበያውን ተወው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ንዳ» አልኩት።

«ምነው?»

«አንተ አባት ከሆንክ እኔም እናትህ ልሁን።»

በሳቅ ሞተ። ቀልድ መስሎታል። በሩ ጋ ስንደርስ የልጅ ልጄ ቆማ አባቷን ትጠብቃለች። ከባጃጁ እኔ ስወርድ ፊቷ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ።

«አኮ!»

ባለ ባጃጁ እኔን አየ፣ እሷን አየ። «ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«አያቷ ነኝ።»

«ወይ ጉድ!» ብሎ ራሱን ያዘ። «እንግዲያማ እውነትም እናቴ ነሽ።»

ዘበኛው ደግሞ እሱን «ኦቦ፣ አከም፣ ነጋ?» ብሎ በክብር ሰላምታ ተቀበለው፣ እኔን በእጁ አገደኝ። «እርስዎ ማን ነዎት?» አለኝ። አያቷ ነኝ ስለው «ዛሬ የተጠራው ወላጅ ነው እናቴ፣ ይቅርታ» አለ። ባለ ባጃጁ መሀል ገባና «እናቴ ናት፣ እሷን ትቼ አልገባም» አለው። እንግዲህ የገዛ ልጄ ልጅ ትምህርት ቤት የገባሁት የውሸት አባቷ እናት ሆኜ ነው።

ክፍል ውስጥ በተማሪ ዴስክ ተቀመጥን። ዙሪያዬን ሳይ እውነተኛ ወላጅም አልጠፋም፤ ግን መናኸሪያ በር ላይ ጫማ የሚሰፋው ሰውዬ ተቀምጧል፤ ልጅ እንደሌላት የማውቃት ድንች ቀቅላ የምትሸጥ ሴት አጠገቤ ነች። ሳያት አንገቷን ደፋች። «ምን ላድርግ፣ አለቀሰችብኝ» አለችኝ በጆሮዬ።

መምህሯ ገና ወጣት ናት፣ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ከዚያ በአማርኛ ተናገረች።

«ማንም አላጠፋም፤ የጠራኋችሁ ልከስ አይደለም» አለች። «ልጆቻችሁ ማንበብ ይቸግራቸዋል። ክፍሉ ሙሉ ነው፣ ለእያንዳንዱ መድረስ አልቻልኩም። ከእናንተ የምለምነው ጆሮ ነው። ማታ ማታ አንድ ገጽ ጮክ ብለው ያንብቡላችሁ። እናንተ ማንበብ ባትችሉም ስሟቸው። ሲሳሳቱ አትቆጡ፣ አትሳቁ። ሌላው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ማጠናከሪያ ላስተምር ነው። ሴት ልጅ ቅዳሜ የቤት ሥራ አለባት ብላችሁ አታስቀሩብኝ።»

እስቲ አስቡት። በስንት ዘመን አንድ ጊዜ ደህና ቃል ተነገረ፤ የተነገረው ግን ለጫማ ሰፊና ለድንች ሻጭ ነው። ጫማ ሰፊው ይባስ ብሎ ተነሣና «እኔ በበኩሌ ከዛሬ ጀምሮ ሬዲዮኔን ዘግቼ ልጄን እሰማለሁ!» አለ። ተጨበጨበለት። መምህሯ ደስ አላትና ወደ እኛ ዴስክ ዞረች።

«የእሷ አባት ስጠራው አንድም ቀን ቀርቶብኝ አያውቅም። ሴክሽኗን፣ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ ሳይቀር ያውቃል። እንዲህ ዓይነት አባት ነው የሚያስፈልገን።»

ባለ ባጃጁ ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ተነሥቼ ልናገር ነጠላዬን ሰበሰብኩ፣ መልሼ ተውኩት። ብናገር የሚባረሩት ልጆቹ ናቸው።

ስንመለስ ልጅቱም ከኋላ አብራን ተቀምጣለች።

«አንተ ሰው፣ አታፍርም?» አልኩት።

«ለምን አፍራለሁ ሀርሜ? አባት ሳታመጪ አትገቢም ተብላ ውጭ ከምትቀር አይሻልም?»

«አባት አላት እኮ!»

«የት አለ ታዲያ?»

«ሥራ ላይ ነዋ።»

«እኔስ? ባጃጄን አቁሜ አይደለም እንዴ የገባሁት? እናንተ ስትጠሩ ብትመጡ እኛን ማን ይፈልገን ነበር?»

ወደ ልጅቱ ዞርኩ። «ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ወላጅ አምጪ ተባልኩ ስላችሁ መጀመሪያ የምትሉኝ ‹ምን አጥፍተሽ ነው?› ነው። እኔ ምንም አላጠፋሁም።» ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ጆሮ ሆንኩ። ለልጄም በስልክ የመምህሯን ቃል ነገርኩት፣ የባለ ባጃጁን ነገር ግን ዋጥኩት። ጆሮ መሆን ቀላል ይመስላል። መብራት ይሄዳል። ልጅቱን ራሷን ያማታል፣ ሆዷን ያማታል። ትልቅ ልጅ ናት፣ እንደ ሕፃን ቃል ስትቆጥር ጎረቤት እንዳይሰማት በር ዘግተን፣ መስኮት ዘግተን ነው የምንቀመጠው። አማርኛውን ተከትያት አያለሁ። ኦሮምኛው ግን በቁቤ ነው፣ በዚያ በፈረንጁ ፊደል፤ እሱን ደግሞ አላውቀውም።

«አኮ፣ የፈለግኩትን ብዬ ብጨርስስ? በምን ታውቂያለሽ?»

«ዐይንሽን አያለሁ። ደግሞ ኦሮምኛ አላጣሁም፤ ወሬው ካልገጠመ እይዝሻለሁ።»

አንድ ማታ ያለወትሮዋ ፈጠነች። ጅብ ሚስት ሊያገባ ሄደ፣ አህያ ሚዜ ሆነ፣ እያለች ታወርደዋለች። ጨዋታው ጥሩ ነው፣ ሳቅኩም። በኋላ አንገቴን አስግጌ ገጹን አየሁት። ሥዕሉ ላይ ሁለት ገበሬዎች ውሃ ሲጠልፉ ነው የሚታዩት።

«ጅቡ የት አለ?»

«ሠርጉ ላይ ነዋ!» ብላ መጽሐፉን ፊቷ ላይ ደፋችው። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን አለቀሰች። «አይገባኝም አኮ፣ ተይኝ። እጃጂ ልሂድ፤ ሰሃን ማጠብ እችላለሁ።» ያን ማታ መጽሐፉን ዘግቼ አስተኛኋት።

የቅዳሜው ትምህርት ነበር የቀረን ተስፋ። መምህሯ እዚያ በትንንሽ ቡድን እየከፈለች ታስነብባቸዋለች ይባላል፤ የሄዱት ልጆች ለውጥ አሳይተዋል። ግን ለእሱም ወላጅ ራሱ መጥቶ መፈረም አለበት ተባለ። በዚህ መሀል ያ ጫማ ሰፊ ለሁለት ልጆች አባት ሆኖ ሲፈርም ተያዘና ነገሩ ሁሉ ወጣ። ከዚያ ወዲያ መታወቂያ ያልያዘ ሰው በሩን አያልፍም ሆነ። ባለ ባጃጁም «ጡረታ ወጣሁ» ብሎ ሳቀ።

ለልጄ ደወልኩ። «በሚቀጥለው ሳምንት» አለኝ። ሳምንቱ መጣ፣ ሄደ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ሌሎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ይማራሉ፣ የእኔዋ ቤት ልብስ ታጥባለች። ስደውል ነቀምቴ ነው፣ ስደውል ጎማ ፈንድቶበታል፣ ስደውል «እማዬ አሁን እየነዳሁ ነው» ይለኛል። መንገድ ላይ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ የሚበላውም የሚለበሰውም ከዚያው ነው የሚመጣው። ግን ለጭነት በሌሊት የሚነሣ ሰው፣ ለልጁ አንድ ጠዋት ያጣል? ይኼ ነገር ዛሬም ሲታወሰኝ ያንገበግበኛል።

በየካቲት መኪናው ተበላሽቶ ጋራዥ ገባ፣ ልጄም ቤት ዋለ። በጠዋት ተነሥቼ ልብሱን እያቀበልኩ «ዛሬ ምክንያት የለህም» አልኩት። እያጉረመረመ ተከተለኝ። ልጅቱ ክፍል ነበረች።

ዘበኛው አቆመው። «አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«የተማሪ አባት ነኝ።» የልጁን ስም ነገረው።

«የእሷንማ አባት እናውቀዋለን» አለና መምህሯን አስጠራት። መጣች። እሱን አየችው፣ እኔን ስታይ ፊቷ ጠየመ።

«እማማ፣ ያኔ ከልጅዎ ጋር መጥተው ነበር። ይኼስ?»

«ይኼም ልጄ ነው።»

«አባቷ የትኛው ነው ታዲያ?»

ልጄ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ሌላ አባት አላት እንዴ?»

ምድር ብትከፈት እገባ ነበር። መምህሯ ግን ነገሩ ሰልችቷታል፣ አልፈርድባትም። «እሺ፣ አባቷ ከሆንክ መታወቂያ?» አለችው። መንጃ ፈቃዱም መታወቂያውም ጋራዥ መኪናው ውስጥ ናቸው። «እሺ፣ ሴክሽኗ ስንት ነው?»

«ስምንት... ኤ?»

«አጠገቧ የምትቀመጠውስ?»

ልጄ እኔን አየኝ።

«ያኛው ቢያንስ ይኼን ያውቅ ነበር» አለችና ተመልሳ ገባች። ዘበኛው በሩን ዘጋብን፤ ሲዘጋ እንኳ «ሥራ ፈቶች» እያለ ለራሱ ያወራል።

ልጄ መንገዱን ሁሉ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። እኔ በየመሀሉ የባለ ባጃጁን ነገር እየቆራረጥኩ ነገርኩት፤ ይስማኝ አይስማኝ አላወቅኩም። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትገባ ግን ቀበቶውን ፈትቶ ቆሞ ነበር።

«ከመንገድ አባት ለምነሽ አመጣሽብኝ! እኔን በዘበኛ አስባረርሽኝ! ነገ እጃጂ ትሄጃለሽ፣ ጨረስኩ።»

መሀላቸው ቆምኩ። ያን ያህል ጮኼ አላውቅም፤ ድምፄ የራሴም አልመሰለኝ። «ቀበቶህን ታጠቅ! ማንን ነው የምትመታው? ስትጠራ ስንት ጊዜ ቀረህ? ያ ሰውዬ ቦታህን የያዘው አንተ ስለሌለህበት አይደለም? እሷ ብትነግርህ ኖሮ ትመጣ ነበር? እውነቱን ንገረኝ፣ ትመጣ ነበር?»

«እኔ የምሠራው ለማን ነው?»

«ለእሷ ነው። አውቃለሁ። ግን ክፍሏን አታውቀውም።»

ቀበቶው እጁ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ልጅቱ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። ቦርሳዋን እንዳነገበች፣ በቀስታ፣

«ስምንት ቢ ነኝ አባዬ» አለችው።

ተቀመጠ። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ቆየ። ማንም ምሳ አልበላም።

በማግስቱ ከጋራዥ መንጃ ፈቃዱን አምጥቶ ብቻውን ሄደ፣ ፈረመ። ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም። ቅዳሜ ልጅቱ ሄደች። ግን የካቲት ነበር፤ ሰኔ ደግሞ ፈተና ነው። የስንት ዓመት ጉድለት በነዚያ ጥቂት ቅዳሜዎች አይሞላም። ሰኔ ስትደርስ ኦሮምኛውን እየተንገዳገደችም ቢሆን ትወጣዋለች፣ አማርኛውንም ሳትመለስ ትጨርሰዋለች። እንግሊዝኛው ግን ያው ነበር። ውጤቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል መጣ። አላለፈችም።

ማልቀስ እንኳ አላለቀሰችም። ልብሷን አጥፋ በፌስታል ማስገባት ጀመረች። ከመስቀል እስከ ሰኔ የለፋሁት ሁሉ በአንድ ቁጥር ባዶ ሆኖ ፊቴ ቆመ። በመምህሯም ተናደድኩ፣ በልጄም፣ በዚያ «አልፋችኋል» ብሎ በየዓመቱ ባሳለፋት ሰው ሁሉ ተናደድኩ። ለምን ያኔ አራተኛ ክፍል ላይ አንድ ሰው አልነገረንም?

ልጄ በዚያው ሰሞን ከነቀምቴ ገባ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ ከእጃጂ እህቱ ደወለች። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው፣ ሁላችንም እንሰማለን።

«ውጤቱን ሰማሁ፣ አይዞህ። ልጅቱን መቼ ትልክልኛለህ? የነበረችዋ ልጅ ወጥታብኝ ብቻዬን ነኝ።»

ቀና ብሎ ልጅቱን አየ። ጓዳ በር ላይ ቆማለች።

«ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ። አትመጣም፣ ትደግማለች።»

«ምን? ቃል ገብተህልኝ አልነበረም እንዴ? እዚያ ማን ሊያስጠናት ነው፣ አንተ መንገድ ለመንገድ?»

«ትደግማለች አልኩሽ። ስምንት ቢ ትደግማለች።»

እህቱ ተቆጣች፣ ብዙ ተናገረች። እኔንም አልማረችኝም፤ «እማዬ ናት እንዲህ የምታደርግህ» አለች። እሱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እስክትጨርስ ጠበቀና ዘጋው። ከዚያ መጅሊሱ ላይ ጋደም አለ፣ ከነጭቃው።

ልጅቱ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የኦሮምኛ መጽሐፉን ይዛለች። ማንም አልጠየቃትም። ከአባቷ ራስጌ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ጀመረች። ቃሉን ትሰብራለች፣ ትመለሳለች፣ ትጠግናለች። እኔ እሱን ነበር የማየው። ዐይኑ ተከድኗል፣ አፉም ትንሽ ተከፍቷል። በዚህ ሁሉ መሀል እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ልቆጣ ተነሣሁ። እሷም ሳይመስላት አልቀረም፤ መስመሩ መሀል ላይ አቁማ ቀና አለች።

«ቀጥዪ» አለ። ዐይኑን ግን አልገለጠም።